በወረርሽኝ ወቅት ተቋርጦ የቆየ የበረራ ሥልጠና በጥንቃቄ የሚቀጥለው እንዴት ነው?

የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ ወደ አገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ በኋላ፣ በጃማ ወረዳ ደጎሎ ከተማ ካሉ ጽሕፈት ቤቶች ጀምሮ እስከ አዲስ አበባ ድረስ በየመሥሪያ ቤቱ የተላለፈው መመሪያ አንድ እንደነበር ይታወሳል። እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግና ከሌላ ሰው ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራቅ ነበር። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. እንዲዘጉ የተወሰነባቸው ትምህርት ቤቶችም በ2013 ዓ.ም. ሲከፈቱ፣ በአንድ ክፍል የሚቀመጡትን ተማሪዎች ቁጥር በመቀነስና በፈረቃ በማስተማር ይህንኑ ርቀት ለመጠበቅ ተሞክሯል።

ይሁን እንጂ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ቀርቶ ግማሽ እርምጃ እንኳ መራቅ የማይቻልበት የመማሪያ ክፍል አለ። ይኸውም የማሠልጠኛ አውሮፕላን ነው። በዓለም ላይ ለጀማሪ አብራሪዎች በስፋት የሚያገለግለው ሴስና 172 አውሮፕላን የውስጥ ስፋቱ 1 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አሠልጣኙና ሠልጣኙ በዚህ ጠባብ ስፍራ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው፣ አንድ ዓይነት አየር እየተነፈሱ፣ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቆያሉ። የርቀት መመሪያው ሊፈጸም በማይችልበት በዚህ ሥራ ላይ ሥልጠናውን በምን ሁኔታ መቀጠል እንደሚገባ መመርመር፣ ለአቪዬሽን ባለሙያዎች ብቻ ሳይሆን ተቋርጦ የቆየ አገልግሎትን መልሶ የማስጀመር ኃላፊነት ለሚጣልበት ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል።

ሥልጠናው ለምን ሙሉ በሙሉ ሊቆም አይችልም?

ወረርሽኙ የዓለምን የአየር ጉዞ ክፉኛ ቢያዳክምም የአብራሪን ሥራ አስፈላጊነት አላስቀረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ዓ.ም. የመንገደኞች በረራ ሲቀንስ የአንዳንድ አውሮፕላኖቹን መቀመጫ በማንሳት ለጭነት አውሎ የሕክምና ቁሳቁስ አጓጉዟል። ከቻይናዊው ባለሀብት ጃክ ማ ተቋም የተለገሰው የመከላከያ ቁሳቁስም አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ለአፍሪካ አገሮች የተዳረሰው በአየር ነው። በ2013 ዓ.ም. መባቻ ደቡብ ወሎን ጨምሮ በምሥራቅ አማራ ዞኖች የደረሰ ሰብል ያወደመውን የበረሃ አንበጣ ለመከላከል ፀረ ተባይ የረጩትም አብራሪዎች ናቸው። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቫክስ አማካይነት ለአገራችን የደረሰው የመጀመሪያው 2 ነጥብ 2 ሚሊዮን ገደማ የክትባት መጠንም የመጣው በአውሮፕላን ነው።

አብራሪ በአንድ ጀንበር አይፈጠርም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት መሠረት የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት 200 ሰዓት፣ በተፈቀደለት ማሠልጠኛ ተቋም ውስጥ ለሚማር ደግሞ ቢያንስ 150 ሰዓት የበረራ ልምድ ያስፈልጋል። ሥልጠናው ለአንድ ዓመት ቢቋረጥ ጉድለቱ የሚታየው በዚያው ዓመት ሳይሆን ከዓመታት በኋላ ነው። የቀድሞው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አቪዬሽን አካዳሚ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ፣ ከአገራችን አልፎ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ሠልጣኞችን የሚያስተምር በመሆኑ ጉዳዩ አህጉራዊ ገጽታም አለው።

የመጀመሪያው መከላከያ ከአውሮፕላኑ በር ውጭ ነው

በአውሮፕላኑ ውስጥ ርቀት መጠበቅ የማይቻል ከሆነ ዋናው ጥንቃቄ መወሰድ ያለበት ከመሳፈር በፊት ነው። ሠልጣኙም ሆነ አሠልጣኙ ከቤቱ ሳይወጣ ትኩሳት፣ ሳል፣ የመተንፈስ ችግር ወይም የጣዕምና የሽታ ማጣት እንዳለበት ራሱን ይጠይቃል። በበረራ ሙያ አንድ አብራሪ ጤንነቱ በተጓደለ ጊዜ ከመብረር የመታቀብ ግዴታ ወረርሽኙ ከመከሰቱ በፊትም የነበረ ነው። ይህ ግዴታ በተግባር የሚፈጸመው ግን «አሞኛል» ያለ ሠልጣኝ ተራውን የማያጣ፣ ተጨማሪ ክፍያ የማይጠየቅና በአሠልጣኙ ዘንድ እንደ ሰነፍ የማይቆጠር ሲሆን ብቻ ነው። ቅጣት ያለበት መመሪያ ሕመምን ያስደብቃል እንጂ በሽታን አይከላከልም።

ሁለተኛው እርምጃ አንድን አሠልጣኝ ከተወሰኑ ሠልጣኞች ጋር ብቻ መመደብ ነው። አንድ ሰው ቢታመም ከሥራ የሚለየው ያ ቡድን ብቻ ይሆናል፤ ተቋሙ በሙሉ አይዘጋም። ሦስተኛው እርምጃ በአውሮፕላኑ ውስጥ ሊነገር የማይገባውን ሁሉ ከአውሮፕላኑ ውጭ መጨረስ ነው። የዕለቱ ትምህርት ማብራሪያ፣ የአየር ጠባይ ትንተናና የክብደት ስሌት በደጅ ወይም መስኮቶቹ በተከፈቱ ሰፊ ክፍል፣ አልያም በስልክና በኢንተርኔት ሊሰጥ ይችላል። ከበረራ በኋላ የሚደረገው ግምገማም እንዲሁ ነው።

በአውሮፕላኑ ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

የጆሮ ማዳመጫና የድምፅ ማጉያው ከአፍና ከአፍንጫ ጋር የሚነካካ በመሆኑ እያንዳንዱ ሰው የራሱን መያዝ ይገባዋል። መሪው፣ የሞተር ጉልበት መቆጣጠሪያው፣ የመቀመጫ ቀበቶውና የበሩ እጀታ በእያንዳንዱ በረራ መካከል ይጸዳሉ። እዚህ ላይ በየቤቱ የተለመደው በረኪና ለአውሮፕላን እንደማይሆን ልብ ሊባል ይገባል። በረኪና የአውሮፕላኑን አሉሚኒየም ይበላል፤ ቀበቶውንም ያሳሳል። ስለሆነም አምራቹ የፈቀደው ማጽጃ ብቻ በጨርቅ ተነክሮ ይወለወላል እንጂ በመሣሪያዎች ላይ በቀጥታ አይረጭም። አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑ እጅ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ነዳጅ ወደሚቀዳበት ስፍራም ሆነ ወደ ኦክስጅን መሣሪያ መጠጋት አይፈቀድም።

የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ቫይረሱ የተሞላበትን ትንፋሽ ይቀንሳል። ነገር ግን መነጽርን በእንፋሎት ሊሸፍን፣ ከመቆጣጠሪያ ማማ ጋር የሚደረገውን የሬዲዮ ንግግርም ሊያደበዝዝ ይችላል። በመሆኑም ሠልጣኙ ሞተሩ ሳይነሳ በመሬት ላይ መሸፈኛውን አድርጎ ንግግሩ በግልጽ መሰማቱን ማረጋገጥ አለበት። በድንገተኛ አደጋ ጊዜ መሸፈኛው የሚወልቅ መሆኑም አስቀድሞ በሁለቱ መካከል ይነገራል። የበረራ ደኅንነትና የበሽታ መከላከል የተጋጩ እንደሆነ በአየር ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው ለበረራው ደኅንነት ነው።

ከበሽታው ያገገመ ሠልጣኝና የአገራችን ከፍታ

ይህ ጉዳይ በኢትዮጵያ ደጋ ምድር የተለየ ክብደት አለው። የአዲስ አበባ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 334 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በአቪዬሽን ደንብ የኦክስጅን አጠቃቀም ትኩረት የሚሰጠው ከ10 ሺህ ጫማ ወይም ከ3 ሺህ 48 ሜትር ጀምሮ ሲሆን፣ ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን እዚያ ለመድረስ ከ700 ሜትር ብዙም የማይበልጥ መውጣት ብቻ ይበቃዋል። በምዕራብ ደቡብ ወሎ በኩል ደግሞ ወደ 4 ሺህ ሜትር የሚጠጋው የአምባ ፈሪት ተራራና ወደ ዓባይ የሚወርዱት ጥልቅ ሸለቆዎች ለአብራሪ ጠንካራ ሳንባና ንቁ አእምሮ የሚጠይቁ ናቸው።

የኮሮና በሽታ በአንዳንድ ሰዎች ሳንባና ልብ ላይ ጉዳት ሊያስከትል፣ ካገገሙ በኋላም የድካም ስሜትን ለረጅም ጊዜ ሊያቆይ እንደሚችል ታውቋል። በመሬት ላይ ጤነኛ የሚመስል ሰው አየሩ በሳሳበት ስፍራ ሊዳከም ይችላል። ስለዚህ ያገገመ ሠልጣኝ የምርመራ ውጤቱ ከቫይረሱ ነጻ ስለሆነ ብቻ ወደ በረራ አይመለስም፤ የአቪዬሽን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ከክትባት በኋላም ቢሆን የተወሰነ የእረፍት ጊዜ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ክትባቱን የወሰዱ አብራሪዎች ከእያንዳንዱ ክትባት በኋላ ለ48 ሰዓት እንዳይበርሩ መወሰኑ ለዚህ ማሳያ ነው።

የፈቃድ ማራዘሚያ ክህሎትን አያራዝምም

ቫይረሱን መከላከል ከሥራው ግማሹ ብቻ ነው። ቀሪው ግማሽ ለወራት ሳይሠራበት የቆየ ክህሎት ነው። በዓለም አቀፉ መስፈርት መሠረት አንድ የንግድ አውሮፕላን አዛዥ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ቢያንስ 3 ጊዜ ካላስነሳና ካላሳረፈ ሥራውን ሊሠራ አይችልም። ወረርሽኙ ይህንና መሰል የጊዜ ገደቦችን ማሟላትን አስቸጋሪ ስላደረገው፣ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባል አገሮች በጊዜያዊነት የሰጧቸውን ማስተካከያዎች የሚያሳውቁበት ሥርዓት በ2012 ዓ.ም. ዘርግቷል። የድርጅቱ ምክር ቤትም ግንቦት 24 ቀን 2012 ዓ.ም. አቪዬሽን ወደ ሥራ የሚመለስበትን መመሪያ አጽድቋል።

እነዚህ ማስተካከያዎች የፈቃዱን ወረቀት ሕጋዊ ያደርጋሉ፤ የአብራሪውን እጅ ግን ወደ ቀድሞው ቅልጥፍና አይመልሱም። ከእጅ ሥራ ይልቅ ቶሎ የሚረሳው ቅደም ተከተል ነው። መሪ መያዝ ያልጠፋበት ሠልጣኝ ሞተር ሲቆም በመጀመሪያ የሚነካው የትኛውን እንደሆነ ሊያመነታ ይችላል።

ስለሆነም አመላለሱ በደረጃ መሆን ይኖርበታል። በቅድሚያ የሚበርሩት አሠልጣኞች ራሳቸው ናቸው፤ እነርሱም የቆዩት ከሥራ ርቀው ነውና እርስ በርሳቸው ይፈታተናሉ። ቀጥሎ ሠልጣኞች የአውሮፕላኑን መመሪያና የድንገተኛ አደጋ ቅደም ተከተሎችን በመሬት ላይ ይከልሳሉ፤ በምስለ በረራ መሣሪያም ይለማመዳሉ። ከዚያ ከአሠልጣኝ ጋር ይበርራሉ። ከመቋረጡ በፊት ለብቻው በርሮ የነበረ ሠልጣኝም ቢሆን ዳግም ለብቻው የሚለቀቀው አሠልጣኙ አይቶ ሲፈቅድለት ነው። የጠፋውን ጊዜ ለማካካስ በቀን የሚሰጠውን በረራ መደራረብ ግን ድካምን በማስከተል ከወረርሽኙ የከፋ አደጋ ሊያመጣ ይችላል።

ቆሞ የከረመ አውሮፕላንም ይመረመራል

የሰው ክህሎት እንደሚደበዝዝ ሁሉ የቆመ አውሮፕላንም ይበላሻል። የአውሮፓ አቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ቆመው የቆዩ አውሮፕላኖች ወደ በረራ ሲመለሱ የተሳሳተ የፍጥነት ንባብ የሚያሳዩበት አጋጣሚ መጨመሩን አስታውቋል። ከምክንያቶቹ አንዱ በፍጥነት መለኪያው ጠባብ ቱቦ ውስጥ ነፍሳት ጎጆ መሥራታቸው ነው። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለ7 ቀናትና ከዚያ በላይ የቆሙ የተወሰኑ የቦይንግ 737 አውሮፕላኖች የሞተር ቫልቭ በዝገት ምክንያት እንዳይጣበቅ አስቸኳይ ፍተሻ እንዲደረግ አዟል። በትናንሽ ማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ላይም በነዳጅ ጋን ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ፣ የደከመ ባትሪና ቅርጹን ያጣ ጎማ የሚጠበቁ ናቸው።

ከካራቺ አደጋ የሚገኝ ትምህርት

ወረርሽኙ አብራሪን ሳያሳምመውም ሊጥለው እንደሚችል ያሳየው በፓኪስታን የደረሰው አደጋ ነው። አገሪቱ የአገር ውስጥ በረራን መልሳ ከጀመረች ጥቂት ቀናት በኋላ፣ ግንቦት 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ከላሆር ወደ ካራቺ ይበርር የነበረ ኤርባስ 320 አውሮፕላን ተከስክሶ ከተሳፈሩት 99 ሰዎች 97ቱ ሕይወታቸው አልፏል። አውሮፕላኑ በመጀመሪያው የማረፍ ሙከራ ጎማው ሳይዘረጋ በሞተሮቹ መሬት ነክቶ ተነስቷል፤ ከዚያም ሁለቱም ሞተሮች ቆመዋል። የአገሪቱ የአቪዬሽን ሚኒስትር በሰኔ 2012 ዓ.ም. ለፓርላማ ባቀረቡት የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት፣ አብራሪዎቹ በበረራው ወቅት ስለ ኮሮና ሲነጋገሩ እንደነበርና ሐሳባቸው በቤተሰቦቻቸው ላይ ተይዞ እንደነበር ገልጸዋል።

በመሆኑም ከበረራ በፊት የሚጠየቀው «ትኩሳት አለህ ወይ?» ብቻ ሊሆን አይገባም። ቤተሰቡ የታመመበት፣ ገቢው የተቋረጠበት ወይም ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሠልጣኝ በዚያ ቀን ከመሬት ቢቆይ ይሻላል። ከመሬት ከተነሱ በኋላ ደግሞ ከበረራው ውጭ ያለ ጨዋታ ይቆማል፤ የማረጋገጫ ዝርዝሩም ቃል በቃል ይነበባል።

ለኃላፊዎች የሚተርፈው ቁም ነገር

የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮና ዓለም አቀፍ የጤና ድንገተኛ ሁኔታ መሆኑ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታውቋል። ሆኖም ሌላ ወረርሽኝ ወይም ሌላ ችግር አገልግሎትን ዳግም ሊያቋርጥ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። ያን ጊዜ በአንድ ወረዳ ያለ የአምቡላንስ ሾፌር፣ የጤና ጣቢያ አዋላጅ ወይም የውኃ ፓምፕ ባለሙያ ከወራት በኋላ ወደ ሥራው ሲመለስ የሚያጋጥመው ከማሠልጠኛ አውሮፕላኑ የተለየ አይደለም። ሰውየው ጤነኛ መሆኑ፣ ሙያው በእጁ መኖሩና መሣሪያው መሥራቱ እያንዳንዳቸው ለየብቻ መረጋገጥ አለባቸው። የአንዱ መሟላት ሌላውን አይተካም።

«ሥራ ጀምሩ» የሚል ደብዳቤ መፈረም የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከፊርማው በፊት እነዚህን ሦስቱን ማረጋገጥ ግን የኃላፊው ዋና ተግባር ነው። በበረራ ሥልጠና ላይ ይህ ተግባር የሚጠናቀቀው አውሮፕላኑ ሲነሳ ሳይሆን፣ ሠልጣኙና አሠልጣኙ በሰላም አርፈው ወደየቤታቸው ሲገቡ ነው።