ብርድ እንደ ውኃ ቁልቁል ይወርዳል

«ይኼ የቆላ ዛፍ አይደል እንዴ? በኛ ብርድ ምን ሊሆን መጣ?»

ይህን የጠየቁኝ ፊደል ላስተምር በሄድኩበት ደጋማ ቀበሌ የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው። እኔ 12 የአቮካዶ ችግኞች ይዤ ነበር። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። እኔ ግን የማውቀው የመልሱን ግማሽ ብቻ ነበር። ያላወቅሁት ግማሽ 9 ችግኝ አስበላን። ይህን የምጽፍላችሁ እናንተም እንደኛ እንዳትከስሩ ብዬ ነው።

አቮካዶ የየት ሀገር ዛፍ ነው?

አቮካዶ የመጣው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ነው። በዚያ ሦስት ዘር አለው። አንዱ የሜክሲኮ ደጋ ዘር ነው። ሁለተኛው የጓቲማላ ደጋ ዘር ነው። ሦስተኛው የቆላ ዘር ነው። የቆላው ዘር ብርድ አይችልም። የሜክሲኮው ከሁሉም ይበልጥ ብርድ ይችላል፤ ነገር ግን ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩም ስስ ነው። የጓቲማላው ልጣጩ ወፍራም ነው፤ ብርድ በመቻል በኩል ከሁለቱ መካከል ይገኛል።

እንግዲህ አንዱ ዘር ከሌላው ቢዳቀል ምን ይሆናል? ይህን ገበሬ ያውቀዋል። አህያና ፈረስ ተዳቅለው በቅሎ ይወለዳል። በቅሎ ከአህያ ቻይነትን፣ ከፈረስ ቁመትን ትወስዳለች። ድቅል አቮካዶም እንደዚሁ ነው።

ከድቅሎቹ አንዱ «ፉዌርቴ» ይባላል። የሜክሲኮና የጓቲማላ ዘር ድቅል ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 አንድ ሰው አትሊክስኮ ከሚባል የሜክሲኮ ከተማ ቅርንጫፍ ቆርጦ ወደ ካሊፎርኒያ ላከ። በ1913 በካሊፎርኒያ ኃይለኛ ውርጭ ወረደ። ብዙ ዛፍ አለቀ። ይኸኛው ግን ተረፈ። ስለዚህ ፉዌርቴ ተባለ። በእስፓኝ ቋንቋ «ብርቱ» ማለት ነው።

ሌላው «ሃስ» ነው። ሩዶልፍ ሃስ የሚባል የካሊፎርኒያ ፖስታ አመላላሽ እ.ኤ.አ. በ1926 ገደማ ከዘራው ፍሬ በቀለ። ሰውየው በላዩ ሌላ ዓይነት ለመቀጠል ሞክሮ አልያዘለትም። ዛፉን ሊቆርጠው አስቦ ነበር፤ ግን ልጆቹ ፍሬውን ወደዱት። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ የሃስ ዛፍ ሁሉ ከዚያ ከአንድ ዛፍ እየተቀጠለ የተባዛ ነው። ሃስ ሲበስል ልጣጩ ይጠቁራል። ፉዌርቴ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ይበስላል፤ ብርድም ከሃስ ይልቅ ይችላል።

ማዳቀልና መቀጠል

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ማዳቀል ሌላ ነው፤ መቀጠል ሌላ ነው። ማዳቀል የአንዱ አበባ ዱቄት በሌላው አበባ ላይ ሲያርፍ ነው። ይህን ንብ ትሠራዋለች። መቀጠል ግን የጥሩውን ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ ማጋባት ነው። ይህን የሚሠራው ሰው ነው።

መቀጠል ለምን ያስፈልጋል? የሃስን ፍሬ ብትዘሩ የሚበቅለው እናቱን አይመስልም። አንዳንዱ መልካም ይሆናል፤ አንዳንዱ ዋጋ የለውም። ፍሬ እስኪሰጥም ብዙ ዓመት ያስጠብቃል። የተቀጠለ ችግኝ ግን ልክ እናቱን ነው፤ በደንብ ከተያዘ በ3 ወይም በ4 ዓመት ያፈራል።

የኔ ስሕተት

ችግኞቹን በሰኔ ተከልን። እኔ «ከታች ወንዙ ዳር እንትከል፤ ውኃ ይቀርበናል» አልኩ። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ብርድም እንደ ውኃ ነው፤ ወደ ታች ይወርዳል። እዚያ ባቄላዬን ስንት ጊዜ ውርጭ እንደመታብኝ ታውቃለህ?»

«አባባ፣ ይኼ እኮ ብርድ የሚችል ዘር ነው» አልኳቸው። መጽሐፍ ያነበብኩ እኔ ነኝ ብዬ። እሳቸውም ልባቸው ሳያምን እሺ አሉኝ። 9ኙን ከታች ተከልን። 3ቱን ግን «ለኔ ተውልኝ» ብለው ከቤታቸው ጓሮ፣ ከተዳፋቱ ላይ ተከሉ።

እስከ ጥቅምት ድረስ የታችኞቹ በጣም አማሩ። እኔም ኮራሁ። በኅዳር አንድ ቀን ጧት ስንነሳ ታች ያለው ሣር ሁሉ ነጭ ሆኗል። የ9ኙ ችግኝ ቅጠል እሳት የለበለበው መሰለ። ከሳምንት በኋላ ልጣጩን በጥፍራችን ፋቅ አደረግን። ከሥሩ አረንጓዴ መሆን የነበረበት ቡናማ ሆኗል። ከጓሮ ያሉት 3ቱ ግን የቅጠላቸው ጫፍ ብቻ ነበር የተነካው።

እኔ አፈርኩ። ማስተማሩንም ፈራሁት። ይህን ያልሰማ ልጅ ፊደሉንስ እንዴት ያስተምረናል ይሉኛል ብዬ ነው። አባባ ግን አልተቆጡኝም። «አይዞህ፤ እኔም ባቄላዬን የዘራሁት ሁለቴ ነው» አሉኝ።

የእማማ ደብተር

ባለቤታቸው እማማ ከክፍሌ ተማሪዎች አንዷ ናቸው። በዚያው ሳምንት «ውርጩን በደብተሬ ልጻፈው?» አሉኝ። ከዚያ እስከ ጥር መጨረሻ በየጧቱ እየዞሩ ጻፉ። የሚጽፉት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ቀኑን፣ የነጣውን ቦታ፣ ሌሊቱ ደመና እንደነበረው ወይም እንዳልነበረው።

በጥር ደብተሩን ቁጭ ብለን አነበብነው። ወንዙ ዳር ብዙ ጧት ነጥቷል። ጓሮው አንድም ቀን አልነጣም። ደመና ባለበት ሌሊት ውርጭ የለም። ሌላም ያላሰብነው ነገር ተገኘ። ከማሳው መካከል ጥቅጥቅ ያለ የቁልቋል አጥር አለ። ከአጥሩ በላይ በኩል ያለው መሬትም ይነጣል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬት ቀን የያዘችው ሙቀት ወደ ላይ ይሄዳል። ደመና ሲኖር እንደ ጋቢ ይሸፍናታል። መሬት ላይ የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ ተዳፋቱን ይዞ ይወርዳል፤ ጎድጓዳ ቦታ ሲያገኝ ይተኛል። አጥር ካገደውም እንደ ግድብ ውኃ ከአጥሩ በላይ ይጠራቀማል። አባባ ያሉኝ ይኸንኑ ነበር።

ምን እናድርግ?

1ኛ/ ቦታ እንምረጥ። በሀገራችን ለአቮካዶ የሚስማማው ከባሕር ወለል በላይ ከ1500 እስከ 2400 ሜትር ገደማ ያለው መሬት ነው። ከዚያም ውስጥ ተዳፋቱን እንጂ ጎድጓዳውን አትምረጡ። ውኃ የሚተኛበት መረሬ መሬትም አይሆንም፤ ሥሩ ይበሰብሳል። የመጀመሪያው የሃስ እናት ዛፍ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2002 የሞተው በሥር መበስበስ በሽታ ነው።

2ኛ/ አጥሩ ከታች በኩል በር ይኑረው። ብርዱ መውጫ ያግኝ።

3ኛ/ በውርጭ ወራት ለትንሽ ችግኝ ማታ ማታ የሣር ጎጆ እናልብሰው። ጧት ፀሐይ ስትሞቅ እንግለጠው።

4ኛ/ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ካለ፣ ውርጭ ሳይመጣ ቀን ላይ መሬቱን ውኃ እናጠጣ። ርጥብ መሬት ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ጉዝጓዝ በሌላ ጊዜ ይጠቅማል፤ በነዚያ ሳምንታት ግን የመሬቱ ሙቀት ወደ ችግኙ እንዳይወጣ ስለሚያግድ ገለል እናድርገው።

5ኛ/ ውርጭ የመታውን ችግኝ ወዲያው አንቁረጥ። አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ እንጠብቅ። የሞተውና የዳነው የሚለየው ያን ጊዜ ነው።

6ኛ/ የተቀጠለበት ቦታ በአፈር አይሸፈን። ከሱ በታች የሚወጣ ቀንበጥ ሁሉ ይነቀል።

ስለ ስድስተኛው ጥቂት ልጨምር። ከ9ኙ ሁለቱ በየካቲት ከሥር አቆጠቆጡ። በጣም ደስ አለን። ግን ጠጋ ብለን ስናይ ቀንበጡ የወጣው ከተቀጠለበት በታች ነው። ይኸ ሃስ አይደለም፤ ከሥር ያለው ግንድ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይነቀል ነበር። አሁን ግን የላዩ ስለሞተ ተውነው፤ እንደገና ልንቀጥልበት ነው።

አቀጣጠሉ እንዲህ ነው። ቀንበጡ የእርሳስ ውፍረት ሲያክል በተሳለ ንጹሕ ምላጭ ይቆረጥና መካከሉ ይሰነጠቃል። ከጥሩ ዛፍ እኩል ውፍረት ያለው፣ እንቡጡ ያበጠ ግን ያልፈነዳ ቅርንጫፍ ይመጣል። ታችኛው ጫፉ እንደ ሽብልቅ በሁለት በኩል ይጠረብና በስንጥቁ ይገባል። የሁለቱ ልጣጭ ሥር ያለው አረንጓዴ ክፍል በደንብ መገናኘት አለበት። ካልተገናኘ አይያዝም። ከዚያ በላስቲክ ጥፍር አድርጎ ማሰር፣ ከፀሐይም ማጠል ነው። ከያዘ ከአንድ ወር በኋላ ገደማ እንቡጡ ይፈነዳል።

ዘንድሮ

በሰኔ እንደገና እንተክላለን። ቦታውን የምመርጠው እኔ አይደለሁም። አባባ መሬቱን ያሳዩኛል፤ እማማ ደብተራቸውን ይገልጣሉ፤ እኔ ጉድጓዱን እቆፍራለሁ። ሃስና ፉዌርቴን አቀላቅለን እንተክላለን። የአንዱ አበባ ዱቄት በሚያወጣበት ሰዓት የሌላው አበባ ለመቀበል ክፍት ስለሚሆን ይረዳዳሉ። ንቡም የአባባ ቀፎ አለ።

እናንተም ዘንድሮ ችግኝ ባታገኙ አንድ ሥራ አለላችሁ። ከጥቅምት እስከ ጥር በየጧቱ ማሳችሁን ዙሩና የነጣውን ቦታ በደብተራችሁ ጻፉ። የሚቀጥለው ዓመት ችግኝ የት እንደሚተከል ያ ደብተር ይነግራችኋል።

ከጓሮ ያሉት 3ቱ በመጋቢት አዲስ ቅጠል አውጥተዋል።