የናፍጣው ዋጋና የኢፍጣር ማዕዳችን



በረመዷን የመጀመሪያ ሳምንት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ጭሮ ከተማ በመስጂዳችን በር ላይ አንዲት እናት ጠበቁኝ። «ሼኽ፣ ባለ ሱቁ ዘይቱንም ዱቄቱንም ጨመረ። ስጠይቀው ‹ነዳጅ ነው› ይለኛል። እኔ መኪና የለኝም፤ ነዳጁ በየት በኩል ቤቴ ገባ?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ነዳጅ ቤታችን የሚገባው በምንበላው ነገር ነው። ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ የሳምቡሳው ዱቄትና ቴምሩ በአዋሽና በሚኤሶ አድርጎ፣ ዳገቱን ወጥቶ ጭሮ የሚደርሰው በናፍጣ ነው። ከዚህም ወደ ሂርና፣ ወደ በዴሳና ገለምሶ በአይሱዙ ይከፋፈላል።

ነዳጁን ሀገራችን ከውጭ በዶላር ትገዛለች። በግንቦት 2014 በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ናፍጣ 35 ብር ከ43 ሳንቲም ነበር። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ተነሣ። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ናፍጣው 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባ።

እስቲ አብረን እናስላ። 100 ኩንታል የጫነ መኪና አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 200 ሊትር ይፈጃል እንበል። ያኔ 7,086 ብር ይበቃው ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ዋጋ ግን 19,796 ብር ያስፈልገው ነበር። ጭማሪው 12,710 ብር ነው። ለኩንታል ሲካፈል 127 ብር፣ ለኪሎ 1 ብር ከ27 ሳንቲም ግድም ይሆናል።

ሾፌሩን አንርገመው። ከጀመዓችን የሆነ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጎማውና መለዋወጫውም አብረው እንደተወደዱ፣ ለናፍጣ ወረፋ ሲጠብቅ እንደሚያድር፣ አንዳንዴም ባዶ መኪና ይዞ እንደሚመለስ አጫውቶኛል። ነጋዴውም ዕቃውን ራሱን በውድ ገዝቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ እውነተኛ ወጪ ነው፤ በላዩ ተገቢ ትርፍ ማግኘትም ሐላል ነው። በመዲና ዋጋ በናረ ጊዜ ሰዎች ተመን እንዲያወጡላቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲጠይቋቸው፣ ማንንም በድለው አላህን መገናኘት እንደማይሹ ነግረዋቸው እምቢ ብለዋል።

ነገር ግን በነዳጅ ስም በኪሎ 10 እና 15 ብር የሚጨምር፣ ከጭማሪው በፊት የገባውን ዕቃ ቆልፎ ረመዷንን የሚጠብቅ፣ ቤንዚን በጀሪካን ደብቆ ለባጃጅ ሾፌር በእጥፍ የሚሸጥ ወንድሜ ሒሳቡን ይመርምር። ሕዝብ የሚፈልገውን ሸቀጥ ደብቆ ማስወደድ በዲናችን ወንጀል ነው። ቀኑን ጾሞ፣ ማታ የጾመኛን ጉሮሮ ማነቅ ምን ዓይነት ጾም ነው?

እኛ ሸማቾችስ? «ሊጠፋ ነው» በሚል ወሬ የሦስት ወር ዘይት አንግዛ። ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተን በጅምላ ብንገዛ ይቀልለናል። የኢፍጣር ማዕዳችንንም ከብክነት እንጠብቅ።

ዘካተል ፊጥርም ቀርቧል። በያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ ሷዕ፣ ማለትም ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 3 ኪሎ ግድም እህል ነው። ናፍጣ ቢወደድም ቢረክስም ልኩ አይቀነስም። ከዒድ ሶላት በፊት ለባለመብቱ እናድርስ።

ለእኒያ እናት ስሌቱን ካስረዳኋቸው በኋላ አብረን ወደ ባለ ሱቁ ሄድን። ደረሰኙን አወጣ፣ አሰላ፣ ከዘይቱ ላይ ጥቂት ብር ቀነሰላቸው። አላህ ንግዱን ይባርክለት። ረመዷን ከሪም!