ሽሮ ለምን ከውሃ ብሶ ያቃጥላል?

የደብረ ወርቅ ከተማ ደጋ ነው። በከፍታው አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ለመፍላት 100 ዲግሪ አይጠብቅም፤ 92 ገደማ ሲደርስ ይንፈቀፈቃል። እንግዲያስ በደጋ የፈላ ውሃ ለልጅ ይራራል? የለም። 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ክፉኛ ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳ ስስ ነውና ከዚያ ያነሰም ይበቃዋል። አሁን የተቀዳ ሻይ ከ60 ዲግሪ በላይ ነው።

ሽሮ ይብሳል። ውሃ ቆዳን ነክቶ ይወርዳል፣ ወዲያው መብረድ ይጀምራል። ሽሮ ወፍራም ስለሆነ የነካው ቦታ ላይ ተለጥፎ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ያስገባል። ሲንተከተክም እንፋሎቱ ከሥር ይታፈንና ጧ ብሎ ይፈነዳል፤ ፍንጣሪው ከድስቱ ያልፋል። ጉልቻው ደግሞ መሬት ላይ ነው። የድስቱ አፍ ገና ወፌ ቆመች በሚባልለት ልጅ እጅ ልክ ይውላል፤ ልጁም ተደግፎ የሚቆምበት ሲፈልግ ቅርቡ የድስቱ ጆሮ ነው።

"ልጅሽን ጠብቂ" ማለት ቀላል ነው። እናት በአንድ እጇ እየጋገረች፣ በሌላው እንጨት እየማገደች፣ እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ፣ እንዴት አድርጋ ትጠብቅ? እኔ ከእናትየው ይልቅ ምድጃውን ማረም ይሻላል ባይ ነኝ። ምድጃን በጭቃ መደብ እስከ እናት ወገብ ከፍ ማድረግ ይቻላል። እንጨት ለመቆጠብ የተሠራው “ምርጥ” የሚባለው ምድጃም እሳቱን ዙሪያውን ይከበዋል፤ የልጅን እጅ ከነበልባል መከለሉ ምርቃት ነው። ቡና ሲፈላ ደግሞ ከሰሉና ጀበናው ከግድግዳው በኩል፣ ቡና አፍዪዋ ከፊት ቢሆኑ ልጁ ወደ እንግዳው ሲሮጥ በመካከል አይሻገርም።

ከተቃጠለስ? ድስቱ ቢነሣም ሙቀቱ ቆዳው ውስጥ መዝለቁን አይተውም። የሚያስቆመው ቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ ለ20 ደቂቃ። ቧንቧ ከሌለ አንዲት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ትበቃለች፤ በደቂቃ አንድ ሊትር ያህል በቀስታ ማፍሰስ ነው። ልብሱ ይውለቅ፤ ከቆዳው ጋር ከተጣበቀ ግን አይጎተት። ውሃው ለቃጠሎው ብቻ ነው፤ ሌላው ገላው በጋቢ ይሸፈን፣ ደጋ ነውና ልጁ ይበርደዋል። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ጭቃ አይቀቡትም፦ ሙቀቱን ያፍናሉ፣ ቁስሉን ያቆሽሻሉ፣ ሐኪም ዘንድ ሲደረስም እየተፋቁ ነው የሚነሡት። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት። ታጥቦ የደረቀ ንጹሕ ነጠላ ሳይጠብቅ ጣል ይደረግበት።

የልጁ መዳፍ ከነጣቶቹ የገላው አንድ መቶኛ ያህል ነው። ቃጠሎው ከዚያ ከሰፋ፣ ወይም ትንሽም ቢሆን ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ላይ ከሆነ፣ ጤና ጣቢያ የሚሄደው በዚያው ቀን ነው። የተቃጠሉ ጣቶች ያለ ሕክምና ሲድኑ እርስ በርስ ሊጣበቁ ይችላሉ፤ እነሱን መልሶ ለመለየት ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል።