ጎጆዋ መሬት ላይ ለሆነው ወፍ



በደብረ ብርሃን አካባቢ ባሉ የሣር መስኮች ጉሮሮዋ ቢጫ፣ ደረቷ ላይ ጥቁር መቀነት ያለባት ወፍ አለች። አላህ (ሱ.ወ.) ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር ሌላ አገር አላኖራትም። ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ ሣር ውስጥ ነው። ስለዚህ ግጦሹ ሲታረስ መኖሪያዋ ይጠፋል፤ ከብት ሲበዛበትም እንቁላሏ ይረገጣል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም ለመጥፋት አደጋ ለመጋለጥ ከተቃረቡት መድቧታል። መሬት ላይ የምትጥለው ቆቅም ይኸው አደጋ አለባት።

ሶሓቦች በጉዞ ላይ ሳሉ የአንዲት ወፍ ሁለት ጫጩቶች በወሰዱ ጊዜ እናቲቱ ክንፏን እያርገበገበች መጣች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በልጆቿ ማን እንዳስጨነቃት ጠይቀው እንዲመለሱላት ማዘዛቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ጎጆን ሳያዩ በማረስና በማጨድም እናት ከልጆቿ ትለያለች።

ታዲያ ምን እናድርግ? በማሳ ድንበር ላይ ያለውን ሣር ሳናርስ እንተወው። ሣር ስናጭድ ከመሐል ጀምረን ወደ ዳር እንውጣ፤ ከዳር እየዞርን ወደ መሐል ከገባን ጫጩቶቹ መሸሻ ያጣሉ። ጎጆ ካገኘን ዙሪያውን ጥቂት ሣር እናስቀርለት። እረኛ ልጆቻችንም እንቁላል እንዳያነሱ እንምከራቸው።

አላህ ለፍጥረቱ የሚያዝኑ ባሮቹ ያድርገን፤ ኣሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።