ጥያቄው ሲከብድ ተስፋ መቁረጥ አይገባም

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ለመማር የሚያመለክት ወጣት፣ በአንዳንድ የትምህርት ክፍሎች ዘንድ ጂ.አር.ኢ. የተባለውን ፈተና እንዲፈተን ይጠየቃል። ከልጆቻችንም ለዚሁ የሚዘጋጁ አሉ። ነገር ግን ከፈተናው ሲወጡ «ሁለተኛው ክፍል እጅግ ከበደኝ፤ ወድቄአለሁ» እያሉ ሲያዝኑ እንሰማለን። ይህ ኀዘን ብዙ ጊዜ የፈተናውን አሠራር ካለማወቅ የሚመጣ ስለሆነ፣ ለተፈታኞችም ለወላጆችም ጥቂት ልንገልጽ ወደድን።

ፈተናው የተጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ነው። ለብዙ ዘመን በወረቀት ሲሰጥ ከቆየ በኋላ፣ በ1993 ኮምፒዩተሩ መልሱን እየተመለከተ ቀጣዩን ጥያቄ እንዲመርጥ ተደረገ፤ በትክክል ለመለሰ ከበድ ያለ፣ ለሳተ ቀለል ያለ ይቀርብለት ነበር። ስለዚህም ያለፈውን ጥያቄ ተመልሶ ማረም አይቻልም ነበር።

በ2011 ይህ ተለውጦ ምርጫው በጥያቄ መሆኑ ቀርቶ በክፍል ሆነ። ከ2023 ወዲህ ፈተናው 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ይፈጃል። በመጀመሪያ የ30 ደቂቃ ድርሰት ይጻፋል፤ ከዚያም የቋንቋውና የሒሳቡ ፈተና እያንዳንዱ በሁለት ክፍል ይሰጣል፤ ይኸውም በመጀመሪያው 12፣ በሁለተኛው 15 ጥያቄ ነው። ኮምፒዩተሩ የሁለተኛውን ክፍል ክብደት የሚወስነው ተፈታኙ በመጀመሪያው ክፍል ባሳየው ችሎታ ነው። ከ130 እስከ 170 የሚሰጠው ነጥብም በትክክል የተመለሱትን ጥያቄዎች ብዛት ብቻ ሳይሆን የክፍሉንም ክብደት ያገናዝባል።

እንግዲህ የሁለተኛው ክፍል መክበድ የመጀመሪያው መልካም ለመሆኑ ምልክት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ተስፋ የሚቆርጥ ወጣት በድካሙ ያገኘውን ዕድል በገዛ እጁ ይጥላል።

ስለዚህ ተፈታኝ ሦስት ነገር ያስብ። አንደኛ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሳለ ወደ ኋላ ተመልሶ መልሱን ማረም ይችላል። ሁለተኛ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ የከበደውም የቀለለውም ጥያቄ እኩል ስለሚቆጠር፣ በአንዱ ላይ ብዙ ጊዜ ማባከን አይገባም። ሦስተኛ፣ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስምና ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር። የፈተናው አዘጋጅ ያለ ዋጋ በሚሰጠው መለማመጃ አስቀድሞ ሰዓት እየያዙ መሞከርም ይጠቅማል።

ወላጆችም ልጁ ከፈተና ሲመለስ «ከበደህን?» ብላችሁ አታስጨንቁት። ዩኒቨርሲቲዎቹ የቀድሞ ትምህርቱን ውጤትና የመምህራኑን ምስክርነት ጭምር ይመለከታሉ። ነጥቡ ባያስደስተው እንኳ ከ21 ቀን በኋላ ደግሞ መፈተን ይችላል።