«ዋጥሽ?»፦ አትክልት ቦታው ሲታጠር ግፊቱ ለምን ጨመረ?

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ደም ግፊት ነው። የምጀምረው ግን ከአንድ የሰፈር አትክልት ቦታ ነው።

ባደግኩበት የአዲስ አበባ ሰፈር፣ ከቀበሌ ቤቶቹ ጀርባ አንድ ሰፋ ያለ ክፍት ቦታ ነበር። እናቶች ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጤና አዳምና በሶብላ ይተክሉበታል። መሀሉ ላይ ትልቅ የኮክ ዛፍ ነበር። ተማሪ እያለሁ አናቶሚን ያጠናሁት እዚያ ዛፍ ሥር ነው።

ባለፈው መስከረም ቦታው ለግንባታ ተፈለገና በቆርቆሮ ታጠረ። ዙሪያው ካሉት ቤቶችም የተወሰኑት ተነሡ። ኮኩ በአንድ ጠዋት ወደቀ። ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ አየ፤ ማንም ብዙ አላወራም።

ከሁለት ወር በኋላ አንዲት የሰፈራችን እናት እኔ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ መጡ። (ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል።) ለዓመታት በአንድ መድኃኒት ግፊታቸው የተስተካከለ ነበር። ያን ቀን ግን 172/104 ሆነ።

«ጨው አብዝተዋል እንዴ?»
«ኧረ የለም ልጄ።»
«መድኃኒቱንስ እየወሰዱ ነው?»
«አዎ፣ እወስዳለሁ።»

ውጭ ሰልፉ ረጅም ነበር። ሁለተኛ መድኃኒት ጨምሬ ሸኘኋቸው።

በሁለት ሳምንታቸው ሲመለሱ ግፊቱ ያው ነው። ይሄኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና «እማማ፣ ጠዋት ከተነሡ ጀምሮ ቀንዎ እንዴት እንደሚያልፍ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«ምን ቀን አለኝ ብለህ ነው? ቆርቆሮውን አያለሁ» አሉኝ።

ቀስ እያልን ስናወራ ነገሩ ተገለጠ። ድሮ በየጠዋቱ አትክልት ሊያጠጡ ይወጣሉ። ክኒናቸውን የሚውጡት ያኔ ነው። ጎረቤታቸውም የግፊት ታካሚ ስለሆኑ «ዋጥሽ?» «ዋጥኩ» ይባባላሉ። ከዚያ ጀሪካን ይዘው ይመላለሳሉ፣ ያርማሉ፣ ይኮተኩታሉ። አሁን ቦታው የለም፤ ጎረቤታቸውም ርቆ ካለ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ሰዓቱም፣ እንቅስቃሴውም፣ ጠያቂውም አብረው ሄዱ። ክኒኑን በሳምንት ሦስት ቀን ቢወስዱ ነው። አልዋሹኝም፤ የወሰዱ እየመሰላቸው ነበር። መጀመሪያ ቀን አምስት ደቂቃ ጨምሬ ብጠይቅ ኖሮ ሁለተኛው መድኃኒት ባላስፈለገ።

ይሄ «ትዝታ ነው፣ ይለመዳል» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ግፊት ያለበት ሰው አዘውትሮ ሲንቀሳቀስ የላይኛው ቁጥር ከ5 እስከ 8 ገደማ ሊቀንስ ይችላል። ዛፍ ማየት ብቻውን እንኳ ዋጋ አለው፦ ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በኋላ በመስኮት ዛፍ የሚያዩ ታካሚዎች የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል።

የሰፈራችሁ አረንጓዴ ቦታ ከጠፋ፣ ወይም ከሰፈር ከተነሣችሁ እነዚህን አድርጉ፦

✅ ክኒኑን በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር እሰሩት፦ ከጠዋት ቡና ወይም ጥርስ ከመቦረሽ ጋር።

✅ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ማለትም 30 ደቂቃ ለ5 ቀን፣ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ማውራት የምትችሉበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅታችሁ ፍጥነት ልክ ነው። አዲሶቹ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለዚህ ይመቻሉ። ከተቻለ ከሰው ጋር ሁኑ።

✅ በአሮጌ ባልዲ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን፣ ሥሩን በስታችሁ፣ ጎመን ወይም ጤና አዳም በረንዳ ላይ ትከሉ። ጤና አዳም ግን የግፊት መድኃኒትን አይተካም!

✅ ሐዘኑ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ወይም የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ባለሙያ አማክሩ።

⚠️ ግፊቱ ከ180/120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ብዥታ፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል!

እማማ አሁን ክኒናቸው ያለው ከጀበናው አጠገብ ነው። የጨመርኩትን መድኃኒት አቁሜላቸዋለሁ፤ ባለፈው ሳምንት 136/84 ነበሩ። በራፋቸው ላይ አራት ባልዲ ተደርድሯል። የአትክልት ቦታውን ያህል እንደማይሆንላቸው ግን ነግረውኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ከሁሉም የሠራው ስልኩ ነው። ጎረቤታቸው በየጠዋቱ ከኮንዶሚኒየም ይደውላሉ።

«ዋጥሽ?»
«ዋጥኩ። አንቺስ?»

ግፊት ያለባቸው እናት ወይም አባት ካሏችሁ ነገ ጠዋት ደውሉላቸው። ጽሑፉንም ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉ።