ቅዳሜ ጠዋት፣ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት

በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ቱሳን ከተማ ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከዩኒቨርሲቲው አካባቢ የሚነሳ የብስክሌት ጉዞ አለ። ስሙ «ሹትአውት» ነው። ውድድር አይደለም፤ ጀርባ ላይ ቁጥር አይለጠፍም፣ ዋንጫም አይሰጥም። ሆኖም ለአሥርተ ዓመታት የዘለቀው ይህ ጉዞ የከተማውን መብራቶች አልፎ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሚሽን ጎዳና ከገባ በኋላ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ሜዳው ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር ያልፋል። የቱሳን ክረምት ለዘብ ያለ በመሆኑ፣ ብርድ ሽሽት የመጡ ፕሮፌሽናል ተወዳዳሪዎች በሳምንቱ ቀናት ቢሮ ከሚውለው ሰው ጎን ተሰልፈው ይነዳሉ።

እንዲህ ያለውን ቡድን ለመቀላቀል የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ እግሩ ጉልበት ነው። ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው ግን ቡድኑ ውስጥ የሚይዘው ቦታ ነው።

ምክንያቱ ነፋስ ነው። ሜዳ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚነዳ ሰው አብዛኛው ጉልበቱ የሚያልቀው አየር በመግፋት ነው። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ዕዳው በእጅጉ ይከብዳል፤ ከ30 ወደ 40 ኪሎ ሜትር ለማደግ፣ አየሩን ለመግፋት ብቻ ከእጥፍ በላይ ኃይል ይጠየቃል። ከሌላ ሰው ጀርባ የተጠጋ ግን ከዚህ ሸክም ብዙውን ይገላገላል። በኔዘርላንድስ የአይንድሆቨን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. 121 ብስክሌተኞች ያሉበትን ቡድን መርምረው ነበር። በመካከል የተከለለው ሰው የሚገጥመው የአየር ተቃውሞ ብቻውን ቢነዳ ከሚገጥመው ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ቡድኑ በ54 ኪሎ ሜትር ሲበር እሱ ከአየሩ ጋር የሚታገለው ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ብቻ እንደሚነዳ ሰው ነው ማለት ነው።

የፕሮፌሽናል ብስክሌተኛ ሙያም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ በመሳተፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ፣ ለቡድን መሪዎቹ ነፋስ እየመከተ ብዙ ኪሎ ሜትር ነድቷል።

ቡድን ውስጥ ነፋስ የሚመከተው በየተራ ስለሆነ፣ ከፊት ያለው ሰው ተራውን ሲጨርስ የሚያደርገውን ልብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ፍሬን አይነካም፤ ፔዳል መምታቱንም አያቆምም። ክርኑን ወዝወዝ በማድረግ ተከታዩ በየትኛው በኩል እንዲያልፍ ያሳያል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ፈቀቅ ብሎ ፍጥነቱን በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ሰልፉ ሲያልፈውም መጨረሻው ላይ ይገባል። ተተኪው ደግሞ ወኔ ይዞት ከፍጥነቱ በላይ መፈትለክ የለበትም። የነበረውን ፍጥነት ማስጠበቅ ብቻ ነው ሥራው። የደከመ ሰው ጥቂት ሴኮንድ መርቶ ቢወርድ የሚቀየመው የለም፤ ድንገት ቢፈተለክ ግን ኋላ ያሉትን ሁሉ ይበትናል።

አዲስ ሰው ላለማስቸገር ብሎ ጭራ ላይ ይቀመጣል። ትሕትናው መልካም ቢሆንም ዋጋ ያስከፍለዋል። መታጠፊያ ላይ የፊተኞቹ በጥቂቱ ሲያዘግሙ የኋለኞቹ ፍሬን ይይዛሉ፤ የፊተኞቹ ዳግም ሲፈጥኑ ሰልፉ እንደ ላስቲክ ይሳባል፣ ጭራ ላይ ያለውም ክፍተቱን ለመዝጋት በሙሉ ኃይሉ ይሮጣል። ይህ አሥር ጊዜ ሲደጋገም እግር ይዝላል። ስለዚህ ከመካከል ወደ ፊት ጠጋ ያለው ቦታ ይሻላል።

ዋናው የአደጋ ምንጭ የጎማ መደራረብ ነው። የፊት ጎማውን ከቀዳሚው የኋላ ጎማ ጎን ያሾለከ ሰው፣ ቀዳሚው ትንሽ ዘንበል ቢል ጎማው ይመታል። ሚዛን የሚጠበቀው በፊት ጎማ ስለሆነ የሚወድቀው የኋለኛው ነው፤ ሲወድቅም ብቻውን አይወድቅም። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ስለሚኬድ የተከታዮቹ የማምለጥ ዕድል ጠባብ ነው። ለዚህ ነው ጉድጓድ በጣት የሚጠቆመው፣ «መኪና ከኋላ!» የሚለው ጩኸትም ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈው። ዓይንም ከፊት ያለው ጎማ ላይ መተከል የለበትም፤ የሰውየውን ትከሻ አልፎ መንገዱን ማየት አለበት።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ዘገም ከሚለው ቡድን ጋር ተራ መግባትን መልመድ፣ ፍሬንና ጎማን ከዋዜማው መፈተሽ፣ ትርፍ ካላማዳሪና ፓምፕ መያዝ፣ የመመለሻውን መንገድ ማወቅ፣ ሳይጠማ መጠጣት፣ ሳይርብም መብላት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ዳገት ላይ መቅረት ይኖራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲያውም የተለመደ ነው። ያኔ የራቀውን ቡድን ለብቻ ከማሳደድ ይልቅ ዞር ብሎ ከኋላ የሚመጡትን መጠበቅ ይሻላል። ሦስትና አራት ሆነው በየተራ እየመሩ ሲነዱ ነፋሱን ተካፍለው ከተማ ይገባሉ፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ የሚያስፈልገውን ተራ መግባትም እግረ መንገዳቸውን ይለማመዳሉ።